ሠርጉን ያዛወረው ዝናብ

ትናንት ልጄ ደውላ፣ «እማዬ፣ ሐሙስ ዝናብ አለ ብለዋል፤ ልብስ አጥበሽ እንዳታሰጪ» አለችኝ። ገና ሰኞ ነበር፤ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ በክፋር ብራንዳይስ፣ ጠራራ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። እሷ እንደ ተራ ነገር ተናግራ ስልኩን ዘጋችው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ወሬ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ይደንቀኛል፤ አባቴና የወንድሜ ሠርግ ትዝ ይሉኛል።

ያን ጊዜ ከጎንደር ወደዚህ አገር ከመጣን ጥቂት ዓመታት ሆኖን ነበር። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ እዚህ ፓርዴስ በሚሉት የፍራፍሬ እርሻ ውስጥ ብርቱካን እለቅም ነበር። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው በብርድ ወራት ነው፤ ያን ጊዜ ጣቶቼን ሳሙና የማያስለቅቀው የልጣጭ ሽታ ይዟቸው ይከርም ነበር። አንድ ዓርብ ጠዋት አለቃችን ሽሙኤል ሰበሰበንና በረባዳው ቦታ ያለውን ብርቱካን እስከ ረቡዕ እንድንጨርስ አዘዘን፤ ሐሙስ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል አለ። ሐሙስ የወንድሜ ሠርግ ነበር። ድንኳኑም የሚተከለው ናሓል ሀደራ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር።

ሰንበት ሳይገባ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ጎንደር ሳለ ገበሬ ነበር፤ ነፋሱን አሽትቶ ዝናብ የሚያውቅ፣ መንደሩ ሊዘራ ሲል የሚያማክረው ሰው። ሰማዩን ቀና ብሎ አየና ተቆጣ፤ ገና ያልተወለደ ደመና ማን አየው አለ። ቀጥሎ ግን፣ «ይህ ሰው ስንት ጊዜ ስቷል? ጠይቂልኝ» አለኝ።

እሑድ ሽሙኤልን ጠየቅሁት። ትንበያውን የሚሠሩት የአየር ጠባይ ባለሙያዎች መሆናቸውን፣ እነሱም በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ በከንቱ እንዳስቸኮሉት ሳይደብቅ ነገረኝ።

«የአሥር ቀኑን ትንበያ እሰማለሁ እንጂ ለሥራ አልነሣበትም» አለ። «የስድስት ቀን ሲሆን እዘጋጃለሁ። ቀኑ እየቀረበ ቃላቸው ካልተለወጠ ግን አምናለሁ። ዛሬም ሐሙስ ነው የሚሉት።»

ያለውን እንዳለ ለአባቴ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ «ስሕተቱን የማይደብቅ ሰው ይታመናል» ብሎ ጋቢውን ደረበና ለሠርጉ የሰፈሩን አዳራሽ ሊለምን ሄደ።

ሐሙስ ሰማዩ ጠርቶ አረፈደ። ከአፉላ የመጡት ዘመዶቻችን በጠባቡ አዳራሽ ተፋፍገው አጉረመረሙ፤ አጎቴም በሰው ፊት አባቴን፣ ሰማይ ማወቅህን እዚህ መጥተህ ረሳኸው ወይ ብሎ ጠየቀው። እኔ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ወጥ ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። ሙሽሮቹ ገብተው ሳይቀመጡ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር። በማግስቱ ሄደን ስናይ ወንዙ ሞልቶ ድንኳን ልንተክልበት ያሰብነውን ሜዳ ሸፍኖታል።

በሠርጉ ዕለት፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ አባቴ የአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሲመለከተው ቆየ። እኔም ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«እኔ ዝናብን የማውቀው ሲደርስ ነበር» አለኝ በቀስታ። «እነዚህ ሰዎች ግን ገና ባሕር ማዶ ሳለ አይተውታል። ይህን ለሰው የገለጠ አምላክ ይመስገን።»

ዛሬ ስልኬ ላይ የአሥር ቀን ፀሐይና ደመና ተደርድሮ ይመጣል። የመጨረሻዎቹን ቀናት እንደ ወሬ ነው የማያቸው፤ ብዙ ጊዜም ይሳሳታሉ። ቢሆንም መደነቄ አልቀረም። ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ለአንድ ገበሬ ስድስት ቀን ሰጡት። ለመቆጣትም፣ ለመጠየቅም፣ ሐሳቡን ለመለወጥም በቃው።