ሙላቷን የተጫወተችው ልጅ

ጊፍቲ በኮሙኒኬሽን ተመርቃ መቱ ስትመለስ፣ እናቷ የወረዳ ቢሮ ትቀጠራለች ብለው ነበር የጠበቁት። እሷን ግን ቢሮ ተቀምጦ ዜና ከመጻፍ ይልቅ ከሕዝብ ፊት መቆም ይስባት ነበርና ወጣቶች አሰባስባ የቲያትር ቡድን አቋቋመች። በገበያ ቀን ከከተማ ከተማ እየዞሩ በኦሮምኛ ድራማ ያሳያሉ፤ ሲያልቅ ተመልካቹ ይከራከርበታል። ጤና ጣቢያዎችና ድርጅቶች ሥራ ይሰጧት ጀመር፤ ውሎ አድሮ መተዳደሪያዋ ሆነ።

ከተዋናዮቿ ሁሉ የምትበልጠው የቡሬዋ ገለኔ ነበረች። አባቷ ኦቦ አራርሳ ልጃቸው «ሙላቷ» የምትባል፣ የታመመ ባሏን ጥላ ከነጋዴ ጋር የምትኮበልል ሴት ሆና ልትጫወት መሆኗን ሲሰሙ አይሆንም አሉ።

«ሰው ከእሷ ለይቶ አያየውም» አሉ።

«ኧረ ኦቦ፣ ድራማ መሆኑን የማያውቅ የለም። አይስጉ፣ እኔ አለሁ» አለች ጊፍቲ።

ሰው ማሳመን ታውቅበታለች፤ የተማረችውም እሱኑ ነው። ስለ ልጅቷ ተሰጥኦ ስታወራላቸው ቆይታ በመጨረሻ እሺ አሰኘቻቸው። እሷም ግን ውስጧ ሳይሰጋ አልቀረም። ሙላቷን እንደ ገለኔ አድርጎ የሚጫወትላት ሌላ ሰው ስላልነበራት ስጋቷን ዋጥ አደረገችው።

ቡሬ ገበያ ላይ ገለኔ ጓዟን ሸክፋ፣ ባሏን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ስትሄድ ሴቶች ጮኹባት፤ አንዷ ነጠላዋን ይዛ ጎተተቻት። ጊፍቲ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ሌሎች ወረዳዎችም ያንኑ ድራማ አምጡልን አሉ።

ከዚያ በኋላ ገለኔ ገበያ በወጣች ቁጥር «ሙላቷ! ባልሽን ለማን ትተሽው መጣሽ?» ይሏት ጀመር። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ኋላ ግን ሽማግሌ ልከውላት የነበሩ የዳሪሙ ሰዎች ዝም አሉ። ሊያገባት የነበረው ልጅ እናት «እኛ ቤት ሙላቷ አትገባም» ማለታቸው ተሰማ።

ወሬው ጊፍቲን ጎሬ ልምምድ ላይ አገኛት። ወዲያው ሚኒባስ ተሳፍራ ቡሬ ሄደች። ኦቦ አራርሳ ወንበር ሰጧት፤ አልተቆጧትም። ተዘጋጅታበት የመጣችውን ንግግር ተወችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያን ጊዜም ሰግቼ ነበር» አለች።

«እየሰጋሽ ነው እንግዲህ አይስጉ ያልሽኝ» አሉ።

ገለኔ ከጓዳ ወጣች። «ሙላቷን አንቺ ተጫወቻት፤ እዚሁ ቡሬ» አለቻት።

ጊፍቲ ትወና አይሆንላትም፤ ቢሆንም በሚቀጥለው ገበያ ተጫወተች። ሰው ሳቀባት። ሲያልቅ፣ «ገለኔም እንደ እኔ ስትጫወት ነው ያያችኋት። እባካችሁ በስሟ ጥሯት» ብላ ለመነቻቸው።

«አንቺማ የት ትመስያታለሽ! ሙላቷ ያቺ ናት» አሉ አንዲት ሴትዮ፣ ከተመልካቹ መሀል የቆመችውን ገለኔን እያሳዩ። ገበያተኛው ይብስ አውካካ። ገለኔ ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች።

ወደ ቡድኑም አልተመለሰችም። መቱ ዘመዶቿ ጋ ገብታ ልብስ ስፌት ተማረች፤ ኋላ ሌላ ሰው አገባች። ጊፍቲን ሰርጓ ላይ ጠርታት ነበር። ሄደች፤ ግን ምግቡን ሳትቀምስ ወጣች።

ጊፍቲ ያንን ድራማ ተወችው እንጂ ሥራዋን አልተወችም። ዛሬ ከባድ ሚና ሲኖራት ተዋናዩ ቤት ድረስ ሄዳ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር አስቀድማ ትናገራለች፤ ወላጅ እምቢ ካለ አትለማመጥም። ገለኔን መንገድ ላይ ስታገኛት ግን፣ ልጅቷ ፈገግ ብትልላትም፣ ቀና ብላ ልታያት እስካሁን አልቻለችም።