ከሰሉ ሲጠግብ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህን እዘለዋለሁ። ብናገር መጀመሪያ የሚጠይቁኝን አውቃለሁ፤ ያንን ሰው ይቅር ብለሽዋል ወይ ይሉኛል። አላልኩትም። ስለዚህ ዝም አልኩ። አሁን ዓይኔም እጄም እየደከመ ስለሆነ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ። ይህን የሚያነቡ እርስዎ፣ ማንም ይሁኑ፣ እንዲያጽናኑኝ አልፈልግም። ይስሙኝ ብቻ። እኔ የሰው ልጅ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። «አይሸትም» በሚል አንድ ቃል አሳልፌ ሰጥቻለሁ።

ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ባሌ ኃይሉ ቀን ጋራዥ ይሠራል፤ ማታ ቤት ተቀምጦ የተቃጠለ ሞተር ያድሳል። የተቃጠለውን ሽቦ ፈትቶ አዲስ መዳብ ይጠመጥምና በመጨረሻ ቫርኒሽ ይቀባዋል። የቫርኒሹ ሽታ ራሴን ያመኝ ነበር። ስነጫነጭበት ጊዜ፣ በገዛ እጁ ያደሳት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ላይ ከሰል የታጨቀበት ቆርቆሮ ገጠመና የክፍሉን አየር በዚያ ውስጥ እያሳለፈ ወደ ውጭ ያስወጣው ጀመር። ሽታው ጠፋ። ከሰል ሽታ ይበላል አለኝ። ግን ይጠግባል፤ ከጠገበ በኋላ ካልተቀየረ ባዶ ቆርቆሮ ማለት ነው።

በአጥር የምንዋሰነው በላቸው በቀይ ሽብር ጊዜ አብዮት ጥበቃ ነበር። ወረቀት እያባዛ የሚበትን ሁሉ በሚታደንበት በዚያ ወራት ቀበሌ ቀርቦ፣ ከነኃይሉ ቤት የማባዣ ቀለም ሸተተኝ አለ። መጡ። የቫርኒሹን ጣሳ አገኙ። ኃይሉ ቫርኒሽ ነው፣ ለሞተር ነው እያለ ቢምል የሚሰማው አልነበረም፤ ጣሳውን ከፍቶ ያሸተተ እንኳ አልነበረም። ወሰዱት። ስንቅ አመላለስኩ። አንድ ቀን ጠዋት ስንቁን ሳይከፍቱ መለሱልኝና ከእንግዲህ አታምጪ አሉኝ። አስከሬን አልሰጡኝም። ለቅሶም አልተቀመጥኩም፤ ማልቀስ ክልክል ነበር። በላቸው በነጋታው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ጉሮሮውን ጠርጎ መንገዱን ቀጠለ።

ዓመታት አለፉ። በላቸው ከጥበቃው ወጣ፣ ጠመንጃውንም አስረከበ፣ አረጀ። ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ወጣት ከየመንገዱ ሲታፈስ በላቸውና ሚስቱ የሺ ያላቸው አንድ ልጅ ዳዊት ብቻ ነበር። አገር ቤት አጎቱ ዘንድ ሄደ ብለው አወሩ። እውነቱን ከየሺ ሰማሁ። ጓዳቸው ውስጥ ከጤፍ ጎተራው ጀርባ ግድግዳ አቁመው ልጁን ከኋላው ሸሽገውታል። አየር የሚገባው ወደ ኋላ መንገድ በተከፈተች አንዲት ቀዳዳ ነው። የሚጸዳዳው በባልዲ ነው፤ ባልዲውን ደግሞ ጎረቤት እያየ ማውጣት አይቻልም። ሽታው በቀዳዳዋ መውጣት ጀመረ።

የሺ ቤቴ ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንበር ብሰጣት እምቢ አለች። ኃይሉ እጀ ብልህ ነበር፣ ከእሱ ያየሽው ዘዴ አይጠፋም አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣

«የባሌን ሥራ አውቃለሁ። ፊትሽን ማየት አይገባኝም ነበር። ዳዊት ግን የእኔም ልጅ ነው» አለች።

ሠራሁላት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያኔ በቅንነት ነው የሠራሁት። ከሾላ ገበያ ጥሩ የግራር ከሰል ገዛሁ። በሙቀጫ ወቅጬ የሽምብራ ፍሬ አሳከልኩት፣ ዱቄቱን በወንፊት ነፍቼ ጣልኩ፣ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ሲደርቅ ክዳኑ ትንሽ በተበሳ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከትቼ ጭሱ እስኪያልቅ እሳት ላይ አቆየሁት። ክዳኑንም ሳይቀዘቅዝ አልከፈትኩም፤ ትኩሱን ከከፈቱት አመድ ይሆናል። ከዚያ ጎናቸው በምስማር የተበሳሱ ሁለት ጣሳዎች፣ ትንሹን በትልቁ ውስጥ አድርጌ፣ በመካከላቸው ከሰሉን ጠቀጠቅሁ። አየር ሾልኮ እንዳያልፍ ጠርዙን በጨርቅና በሰም ደፈንኩ። ማራገቢያዋን ከሣጥኔ አውጥቼ ጣሳው ላይ፣ ከቀዳዳዋ ፊት ገጠምኳት። ኃይሉ የጠመጠማት ያችው ነበረች። ከእሱ እጅ የቀረችኝ እሷው ነበረች፤ ለጠላቴ ቤት ሰጠኋት።

ዳዊትን ያኔ አየሁት። በአጥር ስር ሲሮጥ የማውቀው ልጅ ፂም አውጥቷል። በጨለማው ውስጥ ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ነቀዝ ሆኜልሻለሁ እኮ። ከጤፍ ጋር ነው የምኖረው» አለኝ።

ማራገቢያዋን ማን እንዳደሳት ነገርኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ሰው ይንከባከባት ነበር። ዘይት ይቀባታል፤ መዳፉን ሞተሯ ላይ እያሳረፈ ስትግል አጥፍቶ ያሳርፋታል።

አንድ ችግር ግን ነበር። ሽታ ውስጥ የሚኖር ሰው ሽታውን አያውቀውም። የእኛ አፍንጫ ለምዶታል፣ አንቺ ከኋላ ዞረሽ አሽትቺልን አለችኝ የሺ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በኋላ መንገድ አልፌ እነግራታለሁ። አይሸትም ስላት እጄን ትስማለች። የሸተተኝ ጊዜ እውነቱን ነገርኳት፣ ከሰሉንም ቀየርኩት። የልጁ ነፍስ በእኔ አፍንጫ ላይ ነበረች።

ከሰሉን በቀየርኩ ዕለት በላቸው ጓዳው በር ላይ መጥቶ ቆመ። በእኔ ፊት ደፍሮ ሲቆም የመጀመሪያው ነበር። ጣሳውን ዙሪያውን አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣

«ያኔ ይህ ነገር ቢኖራችሁ ኖሮ ማንን ይሸተው ነበር?» አለ።

የሺ ዝም በል አንተ ሰው ብላ ተቆጣች። እሱ ሊያመሰግነኝ ፈልጎ ይሆናል። እኔ ጠርዙን መድፈን ቀጠልኩ።

ነበረን እኮ! ይህንንም ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አሁን ይስሙኝ። ያኔም ነበረን። ከሰሉ ጠግቦ ነበር። ኃይሉ አዲስ ውቀጪልኝ አለኝ፤ እጄ ይጠቁራል፣ የዘመድ ሠርግ አለብኝ፣ ነገ አልኩት። በነጋታውም ነገ አልኩት። በላቸውን የሸተተው ያ የእኔ ነገ ነው። በላቸው ይህን አያውቅም። ሳያውቅ ጣቱን ቁስሌ ውስጥ ከተተ። እኔስ ራሴን ልጠላ የሚገባኝን ያህል እሱን ጠላሁት? ወይስ ሁለታችንንም በአንድ ልጅ ቀጣሁ? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

ከሰሉ እንደገና የሚጠግብበት ጊዜ ደረሰ። እሑድ በኋላ መንገድ አለፍኩ። ሸተተኝ። ቆሜ ደግሜ ሳብኩ፤ ሸተተኝ። የሺ ቤት ገብቼ «አይሸትም» አልኳት። መቀየሪያው አልደረሰም ወይ አለችኝ። ገና ነው አልኳት። እጄን ሳመች። በሚቀጥለው እሑድ ሽታው ከመንገዱ ጥግ ይጣራ ነበር። አይሸትም አልኩ። እንደገና አይሸትም አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ቤቴ ገብቼ ራቴን በላሁ፣ እንቅልፍም ተኛሁ።

አንድ ጠዋት ወጣት ከሚያፍሱት የቀበሌ ጥበቃዎች አንዱ ሽንቱን ሊሸና ወደ ኋላ መንገዱ ዞረና ሸተተው። ግድግዳውን በመዶሻ አፈረሱት። ጩኸቱን ሰምተን ጎረቤቶች ሁሉ ስንደርስ ዳዊትን ይዘውት ወጡ። ብርሃኑ ዓይኑን ስለወጋው በክንዱ ጋርዶ ነበር። እኔ አጠገብ ሲደርስ ድምፄን ሰማ መሰለኝ ቆም አለ።

«እትዬ፣ ማራገቢያዋን አጥፊያት። ግላለች፣ የጋሽ ኃይሉ እጅ እንዳይቃጠል» አለኝ።

ጓዳ ገባሁ። በፈራረሰው ግድግዳ መሐል፣ ብናኝ በደፈነው ጣሳ ላይ ማራገቢያዋ እያቃሰተች ትዞር ነበር። እጄን ማጥፊያው ላይ አደረግሁ። ላጠፋ ነበር። በላቸው ከኋላዬ ገብቶ ጎተራው ስር ተዘረፈጠና «ልጄን፣ ልጄን» ሲል ሰማሁት። እጄን ሳላነሳ፣ ሳላጠፋም ቆምኩ። ሞተሯ ጮኸች፤ ከዚያ ጭስ ወጣ፤ በጭሱ ውስጥ ያ ሽታ መጣ። የባሌ ቫርኒሽ።

በላቸው ማልቀሱን አቆመ። ራሱን ቀና አድርጎ አየሩን ሳበ። ከፊቱ ላይ ደሙ ሲሸሽ አየሁ።

«ይሄ… ያኔ የሸተተኝ ይሄ ነው» አለ።

«ቫርኒሽ ነው» አልኩት።

«ያኔም?»

«ያኔም።»

ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ያንን ፊት ለማየት ስንት ዓመት ጠብቄ ነበር፤ ጋቢው ከመሸፈኑ በፊት ጠግቤ አየሁት። ደስ አለኝ። ልጁ ገና ከመንደሩ ሳይወጣ፣ እናቱ በር ላይ መሬት እየቧጨረች፣ እኔ ደስ አለኝ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ዳዊት ወደ ሰሜን ተላከ፣ አልተመለሰም። በላቸው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ቀብሩ ላይ ቆሜ እንባ አልወጣኝም። ከመቃብር ቢነሳ ዛሬም ይህንኑ ነው የምመኝለት። ለእሱ ይቅርታ አልለምንም፣ አልሰጠውምም። የሺ ግን አለች። በምርኩዝ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ልጄን እንደ እናት የደበቅሽልኝ እያለች ትመርቀኛለች። ምርቃቷን አሜን ብዬ እቀበላለሁ። ነገ እነግራታለሁ ብዬ አልዋሽዎትም፤ ነገ የሚለውን ቃል ምን እንዳደረግሁበት ያውቃሉ።

ይቅርታ የምለምነው ዳዊትን ብቻ ነው፤ እሱም አይሰማኝም። ስለ ነፍሱ እንኳ አልለመነኝም። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እጄም ማጥፊያው ላይ ነበር።