አባቴ ኮፒ የከለከለው ዲስክ

ባለፈው ቅዳሜ መሳቢያ ሳስተካክል አሮጌው ሃርድ ዲስክ እጄ ገባ። ምን እንደታየኝ እንጃ፣ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ትንሽ ዝምታ፣ እንደገና ቀጭ። ሲግል የሚያወጣው የአቧራና የፕላስቲክ ሽታ እንኳ አልተለወጠም። ነቅዬ ቦታው መለስኩት። እጥለዋለሁ ካልኩ ስንት ዓመቴ።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል፣ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ በበሩ በምትገባው የጠዋት ብርሃን ይሠራል። ጥለት በመፍጠር የሚያህለው አልነበረም፤ ይህን የምለው ልጁ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ስለሆንኩም ነው። የእያንዳንዱን ጥለት ናሙና ቆርጦ ግድግዳው ላይ ይሰቅል ነበር። ከነዚያ አንዱን የፈጠረው እኔ የተወለድኩ ዓመት ነው፤ "የልጄ" ይለው ነበር።

አንድ ቀን "የልጄ"ን ገበያ ላይ በሌላ ሰው ነጠላ ላይ አገኘው። የሠራው የአጥር ጎረቤታችን ነው፤ እሱም ሸማኔ ነበርና ክር ሊበደር እየመጣ ግድግዳውን በዓይኑ ሸምድዶት ኖሯል። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሰው ሰላም ብሎት አያውቅም። "የልጄ"ንም በብስጭት ዳግመኛ አልሠራውም።

ኮሌጅ ስገባ ያገለገለ ኮምፒውተር ተገዛልኝ። አባቴ የይለፍ ቃል የሚባል ነገር መኖሩን ሲሰማ ፊቱ በራ። ናሙናዎቹን አንድ በአንድ በስልኬ አንስቼ፣ የክሩን አቆጣጠር እሱ እየነገረኝ እኔ እየጻፍኩ፣ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ላይ አስገባን። ስንጨርስ ናሙናዎቹን ጓሮ ወስዶ አቃጠላቸው። ስልኬ ላይ የነበሩትንም ፎቶዎች አጠገቤ ቆሞ አስጠፋኝ።

"አባዬ፣ ፍላሽ ላይ አንድ ኮፒ እንኳ ልያዝ።"

"ፍላሽ እጅ ለእጅ ይዞራል። ነገ ገበያ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ተይው።"

ክረምት ላይ አንድ ከሰዓት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ፤ ከውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ እኔ አጠፋለሁ፣ አበራለሁ። በማግስቱ ወደ ጠጋኝ ወሰድኩት።

"ስንት ጊዜ አበራሽው?" አለኝ።

"ሃያ ጊዜ ይሆናል።"

"እ... በቃ እህቴ። ባበራሽው ቁጥር ዲስኩ ውስጡ ተፋፍቋል። ሌላ ቦታ ኮፒ የለሽም?"

እዚያው ሱቁ በር ላይ አለቀስኩ። ለአባቴ ስነግረው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

ከዚያ መሥራት ጀመረ። ዘወትር ሲሠራቸው የኖሩትን ጥለቶች እጁ አልረሳቸውም፤ አንድ በአንድ ተመለሱ። "የልጄ" ብቻ እምቢ አለች። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ፈታት። "አረንጓዴው ከወርቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔው ነበርኩ የጻፍኩት፤ አላስታወስኩም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አንድ እሑድ ኮቱን ለበሰና "ስልክሽን ይዘሽ ነይ" አለኝ። በአጥሩ ዞረን ጎረቤቱ ደጃፍ ደረስን። ሰውየው ሲያየን ደንግጦ ብድግ አለ።

"ያቺን ጥለት አሳየኝ" አለው አባቴ።

ሰውየው ከሳጥኑ አንድ ነጠላ አወጣ። አባቴ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ክሩን ቆጠረ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

"አንድ ክር አልሳትክም" አለ በመጨረሻ።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።"

"ይቅር ባልልህስ፣ ከማን ላገኛት ነበር?"

ክሩን እንደገና ከጫፉ መቁጠር ሲጀምር እኔም ፎቶውን አነሳሁ።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ያ ፎቶ ዛሬ በስልኬም፣ በላፕቶፔም፣ በሦስት ፍላሽም አለ። ጥሩ ፎቶ አይደለም፤ የጥለቱን ጠርዝ የአባቴ አውራ ጣት ሸፍኖታል። ያን ቀን "አባዬ፣ ጣትህን አንሳና ደግሜ ላንሳው" ብዬው ነበር። ቆጠራ ላይ ነበርና አልሰማኝም። እንኳንም አልሰማኝ።