ያላየችው ቋጠሮ

ልጆቹ "እትዬ እስቲ" ይሏታል። ገመድ ታጥቆ ግድግዳው ሥር የቆመውን ልጅ ሁሉ "እስቲ ና፣ እስቲ ዙር፣ እስቲ ሆድህን ንፋ" ስለምትል የወጣላት ስም ነው። መጀመሪያ ላይ ተቆጥታ ነበር፤ በኋላ ግን ራሷም ለመደችውና ስልክ ስታነሳ እንኳ "እስቲ ነኝ" ማለት ጀመረች።

በወጣቶች ማዕከሉ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሁለት ፎቅ የሚያህል የመወጣጫ ግድግዳ አለ። ልጆቹ ወገባቸው ላይ በገመድ ታስረው ይወጡታል፤ ታች የቆመ ሰው ገመዱን ይይዝላቸዋል። የእሷ ሥራ አንድ ነው። ማንም እግሩን ከመሬት ሳያነሳ ቋጠሮውን ታያለች፣ በጣቷ ትዳስሳለች፣ ከዚያ ቅጹ ላይ ከስሙ ትይዩ ራይት ታደርጋለች። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክሩት እስቲ! በአንድ ከሰዓት አርባ ልጅ፣ አርባ ሆድ፣ አርባ ጊዜ "ቶሎ በይ እንጂ እትዬ!" እሷ ግን ፍንክች የለም። አንዴ ዳይሬክተሩ ለእንግዶች ጀብዱ ሊያሳይ ታጥቆ ቢመጣ፣ ክራቫቱን ወደ ጎን አድርጋ ቋጠሮውን እንደ አዲስ አሠራችው። ሰውዬው ቲማቲም መሰለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ የለም ብል ውሸታም እባላለሁ፤ የወደቀ ግን አልነበረም።

አሰልጣኟ የገዛ ልጇ ናት። ልጅቷ ሥራ የጀመረች ሰሞን እናት እሷንም እንደማንኛውም ሰው አቁማ ትዳስሳት ነበር። አንድ ቀን ልጇ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጎትታ አስገባቻት።

"እማዬ፣ አፈር ስሆን፣ በልጆቹ ፊት ወገቤን አትነካኪኝ። ቋጠሮ የማስተምራቸው እኮ እኔ ነኝ። ይስቁብኛል።"

"እሺ በቃ፣ ከሩቅ አይሻለሁ" አለቻት እናት።

አንድ ሰሞንም ከሩቅ አየቻት። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ልጆች ተጨመሩ፣ ዓይኗም ወደ ልጆቹ ሄደ። ቅጹ ደግሞ የአሰልጣኝ መስመር አለው፤ ባዶ ከተገኘ ጥያቄ ያመጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ገና አዳራሹ ሳይከፈት፣ ከልጇ ስም ትይዩ ራይት ታደርግና ትገላገላለች። አራት ዓመት ሙሉ! የሰውን ልጅ በጣቷ እየዳሰሰች የራሷን በእስክሪብቶ አሳለፈቻት። ክፋት ነው እንዳልል ክፋት የለባትም፤ እጇ የለመደውን ነው የሠራችው። ልጅቷም እናቷ እያየቻት እንደሆነ ነበር የምታውቀው።

የዚያን ቀን አዳዲስ ልጆች መጥተው ነበር። ወደ ላይ መውጣቱን እንደ ጉንዳን ይወጣሉ፤ ጫፍ ደርሰው እጃቸውን መልቀቅ ግን ፈሩ። አንዱማ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ "እናቴ ትምጣ!" ብሎ አዳራሹን በጩኸት አናወጠው። እሱን እንደምንም ካወረዱት በኋላ አሰልጣኟ "እኔን እዩኝ" አለችና ገመዱን ወገቧ ላይ ማሰር ጀመረች። ቋጠሮው ግማሽ ላይ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ልጅ የሄልሜቷ ማሰሪያ አገጯን ቆንጥጧት እያለቀሰች መጣች። አሰልጣኟ በርከክ ብላ ማሰሪያውን አላላችላት፣ እንባዋን ጠረገችላት፣ ጉንጯን ሳመቻት። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ግድግዳው ሄደች።

ገመዱን የያዘው "ድንጋዩ" የሚሉት ሰው ነበር፤ ገመድ ይዞ ከቆመ ዝንብ ዓይኑ ላይ ብታርፍ አይነቃነቅም። እሱም ቅጹን አየት አድርጎ ነበር። ራይት አለ። እናት አራት እርምጃ ርቃ የአንድ ልጅ ሆድ ላይ አጎንብሳለች።

ልጇ ጫፍ ደረሰች። ፊቷን ወደ ልጆቹ መለስ አድርጋ "አሁን እጄን ልለቅ ነው። ገመዱን እመኑት፣ እሺ?" አለች። "እሺ!" አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። ለቀቀች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምኑን ልንገራችሁ። ገመዱ ቀለል ብሎ ድንጋዩ እጅ ላይ ቀረ። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ፍራሽ ነፍሷን አተረፈላት፤ ከወገቧ በታች ያለውን ግን አላተረፈም።

ሆስፒታል ውስጥ ልጅቷ ስለዚያች ሰዓት ምንም ትዝ አይላትም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ጠዋት እናቷ ፊቷን ስታብስላት እጇን ያዝ አደረገቻት።

"እማዬ፣ ትዝ አለኝ። አንቺ ካየሽው በኋላ ጠብቆኝ ነካክቼዋለሁ። ላላ ላደርገው ብዬ ነው።"

እናት ክው አለች። ፎጣው ከእጇ ወደቀ።

"አንቺ አይተሽው በራሱ ሊፈታ አይችልም" አለች ልጇ። "ስለዚህ እኔ ነኝ። አሁንማ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።"

ወይ ጉድ! ያልሆነውን ነገር፣ እናቷን ከማመን ብዛት፣ በገዛ ጭንቅላቷ ሠርታ አየችው። ይህን ለማውራትም ይከብዳል። ይባስ ብላ ወረቀት አስመጥታ ጥፋቱ የራሷ መሆኑን በእጇ ጽፋ፣ ፈርማ፣ አደጋውን ለሚያጣራው ኮሚቴ ላከች። እናት በዚያች ደቂቃ "ልጄ፣ ውሸት ነው" ማለት ነበረባት። ፎጣውን አንስታ ፊቷን ማበሷን ቀጠለች። ቀን ቀንን እየወለደ ሄደ፤ እሷም ምግብ አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ አላት። ልጇ ከሆስፒታል በወጣች በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ዳይሬክተሩና ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል።

"አላየኋትም" አለች ወንበር ሳትስብ። "ራይቱን ጠዋት ነው ያደረግሁት። አራት ዓመት እንደዚሁ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ።

"እትዬ፣ ለልጅዎ ብለው ነው። ማን ይፈርድብዎታል? እናት ነዎት።"

"እናት ስለሆንኩ አይደለም! አላየኋትም እያልኩ!"

"የኔን ቋጠሮ በእንግዳ ፊት ያስፈቱ ሴትዮ፣ የልጅዎን ሳያዩ ሊያሳልፉ? ይህንን ለማን ይነግሩታል?"

ከመጡት አንዷ የልጅቷን ደብዳቤ ገልብጣ አሳየቻት። "ተጎጂዋ ራሷ ጽፋለች፣ እናቴ። የእርስዎ ቅጽ ደግሞ አንድም ጉድለት የለበትም" አለች በርኅራኄ። ያ ርኅራኄ ነው ያቃጠላት። ቢሰድቧት፣ ቢያባርሯት በወደደች። እነሱ ግን ከፊቷ "የቋጠሮው ቁጥጥር በአግባቡ ተከናውኗል" ብለው ጻፉና ሰኞ ሥራ እንድትገባ ነገሯት። "እዚያ ወረቀት ላይ ዳግመኛ እጄን አላሳርፍም" ብትላቸው፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት ብለው አንገታቸውን ነቀነቁላት።

ቤት ስትደርስ ልጇ ሳሎን ውስጥ ተኝታለች። የመኝታ ቤቱ በር ዊልቸር ስለማያሳልፍ አልጋውን ወደ ሳሎን አውጥተውታል፤ ሶፋው ጓሮ ተጥሏል። እናት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር አውቃዋለች።

"ልጄ፣ ስሚኝ። አንቺ ምንም አልነካሽም። እኔ ነኝ ያላየሁሽ። የዚያን ቀን ብቻ አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ አላየሁሽም።"

ልጇ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አዞረች። እናት የሰማቻት አልመሰላትም፤ ደገመችላት። ቅጹን፣ ጠዋቱን፣ እስክሪብቶውን፣ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። አለቀሰች። ልጇ አሁንም ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

"እማዬ" አለች በመጨረሻ። "እኔ ነክቼው ከሆነ እችለዋለሁ። ከራሴ ጋር እጣላለሁ፣ ደግሞ እታረቃለሁ። አንቺ ሳታዪኝ ቀርተሽ ከሆነ ግን ጠዋት ማን ያነሳኛል? ማን ያጥበኛል? ቀሪ ዕድሜዬን በማን እጅ ነው የምኖረው?"

እናት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"አይቼሽ ነበር በይኝ" አለች ልጇ። አሁን ትክ ብላ እያየቻት ነው። "አንድ ጊዜ ብቻ በይኝ፣ ሁለተኛ አናነሳውም።"

ውጪ ሰዎች እያወሩ አለፉ። የሆነ ቤት ውስጥ ውሃ ይወርዳል።

"አይቼሽ ነበር" አለች እናት።

ልጇ ሁለት እጆቿን ዘረጋችላት፤ እናት በብብቷ ሥር ገብታ ወደ ዊልቸሩ አነሳቻት።