የሚያጥበው ክኒን

ከነጌሌ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። እናቴ እሷም እንደ እኔ ስኳር አለባትና፣ ለስኳር መድኃኒት ነው ብላ ለመንገዱ አንድ ጆግ ትኩስ የግመል ወተት ጋተችኝ። እኛ የአስተማሪ ቤት ሰዎች ነን፤ የላሙን እንጂ የግመሉን አልለመድነውም። ወደራ ከተማ ሳንደርስ አውቶቡሱን ደጋግሜ አስቆምኩ። ሹፌሩ፣ «ወንድሜ፣ ስደቱን እዚሁ ቁጥቋጦ ውስጥ ልትጨርሰው ነው?» አለኝ። እናቴ በስልክ ስትሰማ ግን ደስታዋ! «እሰይ፣ ሆድህን አጠበህ! መድኃኒት ሲይዝ እንዲህ ነው።» አገሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኔም አምኜ ወጣሁ።

የመንገዱን ያለፈበት ያውቀዋል። እኔ የማወራችሁ ጀርመን ከገባሁ በኋላ ስለ ሆዴ ነው። እዚህ ዳቦው ድንጋይ ነው፣ ፀሐይዋም ለይስሙላ ትወጣለች፣ ሐኪም ግን አይታጣም። ሐኪሜ፣ ስኳር ያለበት ሰው ልቡንም መጠበቅ አለበት ብላ የደም ቅባት የሚያወርድ ክኒን ጨመረችልኝ፤ ስታቲን ይሉታል። ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ተነፋ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ሮጠ። «እሰይ፣ ያዘ!» አልኩ።

አከራዬ ግን በሬን አንኳኳች። «እሑድ የዕረፍት ቀን ነው። የእርስዎ የሽንት ቤት ቧንቧ አያርፍም?»

«እኔስ አከብራለሁ፤ ሆዴ ነው ሰንበት የማያውቀው።»

አልሳቀችም። እዚህ ቀልድም ቀጠሮ ይፈልጋል።

ምግብ ሳይረጋልኝ የስኳሩን መድኃኒት እየዋጥኩ ሰነበትኩና አንድ ቀን ሥራ ላይ ካርቶን እንደተሸከምኩ ወደቅሁ። ስኳሬ ወርዶ ኖሯል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች ሐኪሟ።

«እየሠራ መስሎኝ።»

«የሚሠራው ደም ውስጥ ነው እንጂ ሽንት ቤት ውስጥ አይደለም!» የቅባቱን ክኒን በሌላ ዓይነት ቀየረችልኝ፤ ሆዴም ሰከነ።

ይህንን ለእናቴ ላወራት ነጌሌ ደውዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠኋት። «አካም እማዬ! ናጋ?»

«ናጋ፣ ልጄ። ለእኔም የቅባቱን ክኒን ሰጡኝ እኮ! ሰሞኑን እያጠበኝ ነው፣ እሰይ።»

ሳቄ ቀረ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ዛሬ ምን በላሽ?»

«ምን ይረጋልኛል ብዬ እበላለሁ?»

«የስኳሩንስ ክኒን?»

«እሱንማ ዋጥኩ። እጄን ግን ያንቀጠቅጠኛል።»

«አሁኑኑ ሻይ በስኳር ጠጪ! ከዚያ ሐኪም ቤት ሂጂና ሁሉንም ለሐኪሙ ንገሪው።»

«ይሄ በሐኪም ፊት ይወራል? ነውር ነው።»

«እኔ በጀርመንኛ አውርቼዋለሁ።»

ሳቀች። «ስኳሩስ አለሽ?» አልኳት።

«ለአንተ መምጫ ያስቀመጥኩት አለ።»

ማንኪያው ብርጭቆ ውስጥ ሲያቃጭል ይሰማኛል። ፈራሁ። ብርጭቆ እንኳ የማላቀብላት ልጅ ሆንኩ። ቆይታ ተመለሰች።

«መንቀጥቀጡ ተወኝ፣ ልጄ። ጎረቤቴም ሐኪም ቤት የምሄድበት ባጃጅ ጠርታልኛለች። ለመምጫህ ሌላ ስኳር ልግዛ እንዴ?»

«ግዢ» አልኳት፣ መቼ እንደምመጣ ሳላውቅ።