አባቴ ቀድመው የሰሙት

የሞባይል ኢንተርኔት በከተማችን ተቋርጦ ከርሞ የተመለሰ ሰሞን ነበር። ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ ቤቴ ሰባታሚት ነው። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውል ነበር። ሲጠራቀም የቆየ ሰላምታ፣ የሠርግና የለቅሶ ወሬ፣ ፎቶ በፎቶ ላይ ይጎርፋል። እኔም እንደ ሰዉ ነበርሁ፤ የመጣልኝን እከፍታለሁ፣ ለጻፈልኝ ሁሉ እመልሳለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ውድድር ላይ ስለሆንሁ ድምፅ ስጪኝ ብላ ሊንክ ላከች። ከፈትሁት። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፣ አስገባሁ። ወዲያው ኮድ መጣልኝ፣ እሱንም አስገባሁ። ለጓደኛዬ የተባበርሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። የጻፈችልኝ እሷ እንዳልነበረች፣ የእሷም አካውንት ቀድሞ ተሰርቆ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

ከሥራ ልወጣ ስል ከማላውቀው ሰው መልእክት መጣ። የራሴ ፎቶዎች ነበሩ። ከሴት ጓደኞቼ ጋር ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄደን የተነሣናቸው ናቸው፤ ፀጉራችን ተፈትቶ፣ የራሰ ነጠላ ገላችን ላይ ተጣብቆ፣ እየሳቅን። ለማንም ሳልልክ ቴሌግራሜ ውስጥ ለራሴ ያስቀመጥኋቸው ነበሩ። ሰውየው መልእክቶቼን ሲያነብ የማን ልጅ እንደሆንሁም ደርሶበታል። ከእነዚህ የባሰ ፎቶ ተነሥተሽ ካልላክሽልኝ የአባትሽ ደብር ሰዎች ግሩፕ ላይ እለቃቸዋለሁ አለኝ።

አባቴ ዘጌ ውስጥ መሪጌታ ናቸው። እዚያ አገር እኔን በስሜ የሚጠራኝ ጥቂት ነው፤ ሌላው ሁሉ የመሪጌታ ልጅ ነው የሚለኝ። መልእክቱን ሳነብ የታየኝ የእኔ ፊት አልነበረም። እሳቸው ቅኔ ማኅሌት ቆመው፣ ሰው ከኋላቸው ሲንሾካሾክ ነው የታየኝ።

በዚያ ሰዓት የኮሌጁን ኔትወርክ የምትጠብቀው ባልደረባዬ የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተሮች ልታይ ገባች። ከሐዋሳ መጥታ፣ ባሏ እዚህ ፋብሪካ እየሠራ ከከተማው ጋር የተላመደች ሴት ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ስልኩን ዘረጋሁላት።

እስከ መጨረሻው አንብባ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ለምን ሊንኩን ከፈትሽ አላለችኝም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ መልሼለት እንደሆነ ነው። አልመለስሁም አልኋት። ጥሩ አድርገሻል ብላ የጻፈልኝን ሁሉ አንድ በአንድ ስክሪንሾት አነሣችው፤ ፖሊስ ዘንድ ስንሄድ ማስረጃ ያስፈልገናል አለች። “ስንሄድ” ማለቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቀጥላ አካውንቴ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር አሳየችኝ። ከእኔ ስልክ ሌላ አንድ የማላውቀው ስልክ አለ። እሱን አስወጣችው። አዲስ የገባ ሰው ባለቤቱን ወዲያው ማስወጣት ስለማይችል ነው እንጂ ብናድር ኖሮ አካውንቱን ሙሉ በሙሉ ይወስደው ነበር አለችኝ። ከዚያ ኮድ ቢያገኝ እንኳ የማይከፍተው ሌላ የይለፍ ቃል እንዳወጣ አደረገች፤ ስጽፈው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለወዳጆቼ ሁሉ፣ ሌባ ገብቶ ስለነበር በእኔ ስም የመጣ ሊንክ እንዳትከፍቱ ብዬ ጻፍሁ።

ትንሽ ስረጋጋ ኮሌጁ ፋየርዎል አለው ይባል የለ፣ ታዲያ ይህ ሰው እንዴት ገባ ብዬ ጠየቅኋት።

“ፋየርዎሉ የግቢው ዘበኛ ነው በይው” አለች። “የሚገባውንና የሚወጣውን ያያል። ስልክሽ ግን በራሱ ዳታ ነው የሚሠራው፣ ከግቢው ውጭ ነሽ ማለት ነው። ግቢ ውስጥም ብትሆኚ፣ ጓደኛሽን መስሎ ለመጣ ሰው ቁልፍ ከሰጠሽው ዘበኛው ምን ያውቃል? ይህን የምልሽ ለሌላ ጊዜ እንድታውቂው ነው። አጥፊው የሰረቀው ነው፣ አንቺ አይደለሽም።”

የወሰዳቸውን ፎቶዎች ግን ማስመለስ አይቻልም። አላባበለችኝም፤ ሊልከው ይችላል፣ ላይልከውም ይችላል፣ የፈለገውን ብትልኪለት ግን ሌላ ይጠይቅሻል እንጂ አይተውሽም አለችኝ። ማን ቢያየው ነው ይበልጥ የምትፈሪው ስትለኝ አባቴ አልኋት።

“እንግዲያው ከእሱ በፊት አንቺ ንገሪያቸው።”

በማግስቱ ጠዋት በጀልባ ዘጌ ተሻገርሁ። ጣና ጸጥ ብሎ ነበር፤ ደንገል የጫኑ ታንኳዎች በአጠገባችን ያልፋሉ። እኔ ግን ዓይኔ ውሃው ላይ ሆኖ ልቤ ንግግሬን ይለማመድ ነበር። የቱም አጀማመር አልጥም አለኝ።

አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው ጓሮ ቀይ ቡና ይለቅሙ ነበር። እናቴ ገበያ ወርዳለች። ባልተጠበቀ ቀን መምጣቴ ደግ እንዳልሆነ ገብቷቸው፣ ደኅንነቴን ከጠየቁኝ በኋላ አንድ ቅርንጫፍ ወደ እኔ ዘንበል አደረጉልኝ። እኔም ቅርንጫፉን ይዤ አብሬያቸው እየለቀምሁ ነገርኋቸው። ቴሌግራም ምን እንደሆነ፣ ኮድ ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ፎቶውን ከመናገር ይቀል ነበርና እሱ ላይ ብዙ ቆየሁ። ሲያልቅ ስልኩን አውጥቼ ላሳያቸው ስል እጄን በቀስታ መለሱት።

“ምን ብሎ ነው የሚያስፈራራሽ?” አሉኝ።

“ለእርስዎና ለደብሩ ሰው አሳያለሁ ብሎ ነው፣ አባባ።”

“እኔ እንደሆንሁ ሰማሁ። በእኔ በኩል የያዘብሽ ነገር የለም። የደብሩን ሰው ለእኔ ተዪው።”

አለቀስሁ። እሳቸው ለቀማቸውን ቀጠሉ፤ ሳበቃ ቁርስ በልተሽ ነው የመጣሽው ብለው ወደ ቤት አስገቡኝ። ለሥራ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ የምፈራው ቁጣ ነበር፤ ያገኘሁት የተዘረጋ ማዕድ ሆነ።

ግሩፑን የሚያስተዳድረው ዲያቆን አባቴ ነግረውት ኖሮ የማይታወቅ ሰው እንዳይገባበት ዘጋው። ሌባው ግን መግቢያ ሲያጣ፣ ስማቸውን ከቴሌግራሜ ለቀዳቸው አባላት ፎቶዎቹን ለየብቻ ላከላቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ሕዝቡ ፊት ቆሙ። እኔ አልነበርሁም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት። ልጄን ሌባ ሰርቋታል፣ የሰረቀውን ለአንዳንዶቻችሁ ልኮላችኋል፣ የሌባ ተቀባይ እንዳትሆኑ፣ አጥፉት፤ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም አለችኝ።

በዚያው ሳምንት የማልጠብቃቸው አንዲት የዘጌ ሰፈራችን አሮጊት ደወሉልኝ። ፎቶው የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ መጥቶ ወዲያው እንዲጠፋ ማዘዛቸውን ነገሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ልጄ፣ ያ ፍል ውሃ ለጉልበት ይሆናል ይባላል፤ እውነት ነው?”

ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው። ለጉልበትም ለወገብም ይሆናል አልኋቸው።

ባልደረባዬ እንዳለችውም ፖሊስ ጣቢያ አብራኝ ሄደች። ማስረጃውን ተቀበሉን፤ ሰውየው ግን አልተገኘም። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ጻፈ፤ አባትሽ አዩት ወይ የሚል ነበር። ለፖሊስ የሚሆነውን አስቀርቼ አገድሁት። ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ይህ ሁሉ በደህና ያለቀው ብልህ ስለሆንሁ አይደለም። በሥራዬ ምክንያት ከተማሪዎች ጋር ስውል፣ እንደኔው ተይዘው ለማን እንደሚናገሩ የጨነቃቸውን አይቻለሁ፤ ትምህርቷን ትታ የሄደችም አውቃለሁ። እኔ ወንበር ስባ የምትቀመጥ ሴትና ስልኬን ሳያዩ የሚያምኑኝ አባት ነበሩኝ። ፈጣሪዬን ሳመሰግን ሁለቱን ሳላነሣ አልቀርም።

ባልደረባዬ አሁን ባሏ ሥራ ሲቀይር ተከትላው ወደ ሐዋሳ ተመልሳለች። በየበዓሉ እደውልላታለሁ። ስለ ልጆቿ ትነግረኛለች፣ እኔ የጣናን ዳር ወሬ እነግራታለሁ፤ ስለ ስልክና ስለ ሌባ ማውራት ከተውን ቆየን።