አምስተኛው ዲያብሎ

«አንቺ መኪና ወደሽ አታውቂም፤ ብሰጥሽስ ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አለኝ አባዬ ፊት ለፊት፣ ስጠኝ ያልኩትን አራቱን የመኪና ፎቶዎች እንደ ጨቅላ ልጅ ታቅፎ። እሱና እማዬ ካደግኩበት ከክሬሰንት ታውን ቤት ሊለቁ ነው፤ እማዬ ሳህን በጋዜጣ ትጠቀልላለች፣ እሱ የኮሪደሩን ግድግዳ ይልጣል፤ ከፎቶዎቹ ጀርባ የወጣው የአሮጌ ማጣበቂያ ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። መኪና አልወድም፣ እውነቱን ነው። ፎቶዎቹ ላይ ያለውን መኪና ታሪክ ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

አባዬ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ቶሮንቶ ስንገባ እንግሊዝኛው «ሄሎ» እና «ሶሪ» ላይ ቆሞ ሥራ ሲፈልግ፣ ኢስት ዮርክ ሰፈር ትንሽ ጋራዥ የነበራቸው አንድ ጣልያናዊ ሽማግሌ፣ ሁላችንም ሲኞር የምንላቸው፣ ኮፈን ሲል፣ ካንዴላ ሲል፣ ፍሬቻ ሲል ሰሙትና እዚያው ቀጠሩት። የእኛ አገር መካኒክ ከጣልያን የወሰደውን ቃል ሁሉ እሱ አማርኛዬ ነው እያለ፣ እሳቸው ጣልያንኛዬ ነው እያሉ፣ ስምንት ዓመት ተግባብተው ሠሩ። ከመኪና ውጪ ግን አንዲት ነገር ማውራት አይችሉም ነበር፤ የሲኞር ሚስት የሞቱ ጊዜ አባዬ ምን ብሎ እንደሚያጽናናቸው ቢጠፋው ቀኑን ሙሉ የመኪናቸውን ፍሬን ሲያስተካክልላቸው ዋለ።

ሲኞር ከአገራቸው መጽሔት ይመጣላቸው ነበርና ዲያብሎ የሚባለው የጣልያን ፈጣን መኪና በተለወጠ ቁጥር ገጹን ቀደው ለአባዬ ይሰጡታል፤ እሱም ኮሪደሩ ላይ ይለጥፈዋል። የመጀመሪያው በፈረንጅ ዘጠና የወጣው ቀዩ ነው፤ እማዬ ስሙ ሰይጣን ማለት እንደሆነ ስትሰማ አማተበችና ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ቢያንስ ሁለት በር እንዲርቅ አዘዘች። ያ መኪና የሚገፋው በኋላ ጎማው ብቻ ነው፣ መሪውም ድንጋይ ነው ይላል አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ የነዳው ይመስል። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው በአራቱም ጎማ የሚሄድ፣ መሪው የለሰለሰ ነበር፤ «ሰው ሆነ» አለ አባዬ። ከዚያ ጀርባው ላይ ክንፍ ያበቀለው፣ ከዚያ ደግሞ ጣሪያው ተነቅሎ ሞተሩ ላይ የሚተኛው ተከተሉ፤ የኔ ቁመት በእርሳስ በር መቃኑ ላይ፣ የዲያብሎ ዕድሜ በማጣበቂያ ግድግዳው ላይ፣ አብረን አደግን። አራቱም አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ መብራታቸው ሲጠፋ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ሲበራ ብቻ መብራቱ ከአፍንጫቸው ላይ ብድግ ይላል።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሰመር ላይ፣ አንድ ደንበኛ እውነተኛውን፣ የመጀመሪያውን ዓይነት፣ ጎማ ሊያስቀይር ሲኞር ጋ አመጣው። አባዬ ሊያሳየኝ ወሰደኝ፤ ገና ከበሩ ቀበቶዬን አስፈታኝ። ዘለበት ቀለም ይጭራል፣ ስለዚህ እሱ ጋራዥ ውስጥ ሱሪውን የሚያስረው በገመድ ነበር። የመኪናውን ዓይን ሦስት ጊዜ አስነስቶ አሳየኝ። በማግስቱ፣ እሱ ምሳ ሲወጣ ሲኞርም ጓሮ ስልክ ላይ ሳሉ፣ «አባትሽ ጠራጊ ነው» ያሉኝን ሁለት የክፍሌን ልጆች ይዤ ገባሁ፤ ቀበቶዬን ሳልፈታ ኮፈኑ ላይ ቁጭ ብዬ ፎቶ ተነሣሁ። ስወርድ የሰማሁት ድምፅ ጥፍር ድስት ላይ ሲሄድ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

ደንበኛው መጥቶ ሲጮህ አባዬ ጭረቱን አየ፣ ወገቤን አየ፣ ከዚያ «እኔ ነኝ፣ በቀበቶዬ» አለ። ሲኞር ወገቡ ላይ ያለውን ገመድ አዩ፤ ግን አላጋለጡትም። ሰውዬው ግን ይህ ሰው ካልተባረረ ብሎ ድርቅ አለ፣ አባዬም መፍቻዎቹን በላስቲክ ይዞ ቤት ገባ። ይሄው እስካሁን መሃል ከተማ፣ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ጠባብ የጠባቂ ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ ለሰው መኪና በር ይከፍታል። አልተቆጣኝም፣ ለእማዬም አልነገረብኝም፤ ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት በረዶው ሲገባ፣ ብቻዬን ቤት ሳለሁ፣ ሲኞር በሩን አንኳኩ፤ ኮፍያቸው ላይ በረዶ፣ እጃቸው ላይ የተጠቀለለ የመጽሔት ገጽ። እንግሊዝኛቸው ከአባዬ አይሻልም። «ያ ሰውዬ ሄደ፣ አሁን ደንበኛ አይደለም። አባት ሰኞ ይምጣ» አሉኝ፣ ሁለት ጊዜ። እሺ አልኩ፣ ገጹንም ተቀበልኩ። ግን ከተመለሰ ሲኞር ስለ ገመዱ ያነሱበታል፣ የጫርኩት እኔ መሆኔም እማዬ ጆሮ ይደርሳል ብዬ ፈራሁና አልነገርኩትም። ሰኞ አለፈ፣ ሌላም ሰኞ አለፈ። ሲኞር አልደወሉም፤ ስልክ ላይ በጣት የሚያሳዩት ሞተር የለ። አባዬም አፍሮ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቶ ነበር። በዓመቱ ጋራዡ ተሸጦ ዶናት ቤት ሆነ።

አሁን አባዬ አራቱን ፎቶዎች በተራ ወለሉ ላይ ዘረጋቸው። ጥፍሩ ሥር ድሮ እማዬ በሎሚ አሽታ የማይለቅላት ግራሶ ነበር፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ቁልፍ ብቻ የሚጫን እጁ እንደ ጸሐፊ እጅ ነጥቷል። «አምስተኛ አለው፣ መጨረሻ ላይ የወጣ» አለ ለወለሉ። «ሲኞር ተቀይመውኝ ነው እንጂ ይልኩልኝ ነበር።»

ያኔ ሲኞር የሰጡኝ ገጽ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ስንት ዓመት ፍራሼ ሥር፣ ቀጥሎም ፓርክዴል ሰፈር የተከራየሁት ክፍል መሳቢያ ውስጥ የኖረ ነው፤ ዛሬ ልሰጠው ይሁን ከዕቃቸው መሃል ልደብቀው፣ ምን ብዬ ይዤው እንደመጣሁ አላውቅም። አውጥቼ ከአራተኛው ጎን አስቀመጥኩት።

«አልተቀየሙህም። እዚህ ድረስ መጥተው ነበር። ሰኞ ይምጣ ብለው ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኩህ።»

እማዬ የያዘችው ሳህን እጇ ላይ ቀረ። አባዬ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ ገጹን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፣ በአውራ ጣቱ የመኪናውን አፍንጫ ዳበሰ። ብድግ የሚለው ዓይን የለም፤ መብራቶቹ መስታወት ሥር እንደተከፈቱ ተቀምጠዋል።

«ይኼኛው አይጨፍንም ማለት ነው?» አለ።

ዓይኑን ከገጹ ወደ እኔ ሳያነሣ ልውጣ ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩና፣ ማሰሪያውን ሳላስር፣ በሩን ከፍቼ ወደ አሳንሰሩ ሄድኩ።